ዋስትና ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ፦ ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
ባሕር ዳር

ክቡር ፕሬዚዳንት፤

በከባድ ወንጀል ተከሶ ዋስትና የተከለከለ ሰው ከወራት በኋላ እንደገና ሲያመለክት በወሎ ችሎቶች የሚያገኘው መልስ ወጥ አይደለም። አንዱ ችሎት «ጥያቄው ቀደም ሲል ውድቅ ተደርጓል» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል። ሌላው ዳኛ ስለተቀየረ ብቻ ያንኑ ክርክር ከሥሩ ሰምቶ ተቃራኒ ትእዛዝ ይሰጣል። የመጀመሪያው የተለወጠውን ነገር አያይም፤ ሁለተኛው በራሱ እርከን ላይ ይግባኝ ሰሚ ይሆናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ የአሠራር መመሪያ እንዲያወጣ እንጠይቃለን።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ መጀመሪያው አቤቱታ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 66 ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ወይም የመርማሪ ፖሊስን አስተያየት ጠይቆ በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስናል፤ የተከለከለው በአንቀጽ 75 በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ያመለክታል። አዲስ ነገር ሲገለጥ ትእዛዙ እንደገና እንዲታይ የሚፈቅደው አንቀጽ 74 ግን የሚናገረው በዋስ ስለተለቀቀ ሰው ነው። ስለታሰረው ዝም ይላል። ያም ሆኖ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) ዋስትናን መብት፣ ክልከላን ደግሞ በሕግ የተመለከተ ልዩ ሁኔታ አድርጎታል። ልዩ ሁኔታው ካለፈ ክልከላው የሚቆምበት መሠረት የለም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና ለመከልከል ከሚዘረዝራቸው ምክንያቶች ቶሎ የሚያረጀው ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚለው ነው። ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ በአንቀጽ 59 የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ በሚጠይቅበት ወቅት ስጋቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ሁሉ ተሰምተው ቃላቸው መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን ማን ይባበላል? ክሱ ከመሰማቱ በፊት በፍርድ ቤት በሚደረግ ቀዳሚ ምርመራ ቃላቸው ለተያዘ ምስክሮችም ስጋቱ ይቀንሳል፤ ምስክሩ ቢሞት ወይም ቢጠፋ ቃሉ በአንቀጽ 144 ለማስረጃነት ሊቀርብ ይችላልና። በአንጻሩ ተከሳሹ ይከላከል ተብሎ ከተበየነ የመጥፋት ስጋት ሊያድግ እንደሚችል ዐቃቤ ሕግ ቢከራከር ተገቢ ነው። ሁለቱ ስጋቶች ለየብቻ ይመዘኑ።

የተከሰሰበት ወንጀል 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሲያስቀጣና ተበዳዩ የሞተ ወይም የሚሞት ሲሆን ዋስትናን የሚከለክለው አንቀጽ 63ም ከክሱ ጋር ይለዋወጣል። ሰው የሞተበት ክስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ሲቀርብ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ስለሚደርስ ዋስትና ይከለከላል። ችሎቱ ማስረጃ ሰምቶ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113(2) መሠረት ተከሳሹ ቀላል የሰው መግደልን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 541 እንዲከላከል ካዘዘ ግን የቅጣቱ ጣሪያ 5 ዓመት ነው። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ይህን ለውጥ አያውቀውምና ሳይጠይቅ ይቀራል። ዳኛው በራሱ ማንሳት አለበት። የተበዳዩ ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ክልከላውን ባመጣበት መዝገብም እንዲሁ ነው፦ ተበዳዩ ድኖ ቢወጣም አዲሱ የሕክምና ማስረጃ በእስረኛው እጅ አይገባም። ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታሉ በትእዛዝ ያስቀርበው።

የጊዜ ርዝመት ብቻውን ለውጥ አይደለም። ነገር ግን ከደላንታ ወይም ከቡግና ይመጣሉ የተባሉ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ባለመቅረባቸው ቀጠሮ በተደጋጋሚ ሲባክን፣ ተከሳሹም ለመዘግየቱ ምክንያት ካልሆነ፣ በተገቢ አጭር ጊዜ ውስጥ የመሰማት መብትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(1) በሚዛኑ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የመጀመሪያው ትእዛዝ አጻጻፍ ነው። «በአንቀጽ 67 መሠረት ውድቅ ተደርጓል» የሚል ትእዛዝ አንቀጹ በፊደል ከዘረዘራቸው ምክንያቶች የትኛው፣ በየትኛው ፍሬ ነገር እንደሆነ አይናገርም። ምን እንደነበረ ካልተጻፈ ምን እንደተለወጠ ማወዳደር አይቻልም፤ ተከሳሹም ያንኑ አቤቱታ ደግሞ ደጋግሞ ያቀርባል፤ ችሎቱም ይሰለቻል። ስለዚህ መመሪያው ከዚህ ይጀምር፦ እያንዳንዱ የክልከላ ትእዛዝ ንዑስ ምክንያቱን፣ የተደገፈበትን ማስረጃ፣ እንዲሁም ምን ቢለወጥ ጥያቄው እንደገና እንደሚታይ ይግለጽ። ተደጋጋሚ አቤቱታ ደግሞ የቀድሞው ትእዛዝ የተሰጠበትን ቀን፣ ምክንያቱንና የተለወጠውን ነገር ከነሰነዱ ይያዝ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል እስረኛ ሬጅስትራሩ ቃሉን ተቀብሎ ይሙላለት። ለውጥ ከሌለ ትእዛዙ አጭር ይሁን፤ የይግባኝ ጊዜው ካላለፈ ይነገረው። ለውጥ ካለ የ48 ሰዓቱ ገደብ ለዚህም ይሥራ። መዝገቡ በተቻለ መጠን ቀድሞ ወዳየው ችሎት ይመራ።

አንድ የተለየ ዓይነት ተደጋጋሚ አቤቱታ ለብቻው ይታይልን። ዋስትና ተፈቅዶለት የተጠየቀውን ገንዘብ ማስያዝ ያቃተው ሰው መጠኑ እንዲቀነስ ሲያመለክት፣ አዲስ ነገር አምጣ ሊባል አይገባም። አንቀጽ 69 ፍርድ ቤቱ መጠኑን ሲወስን የአመልካቹንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ ያዛል። በዝናብ የሚያርስ ገበሬ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ የለውም። ገንዘቡን ማስያዝ አለመቻሉ ራሱ አቅሙ በመጀመሪያው ቀን በትክክል እንዳልተጣራ ያሳያልና፣ ችሎቱ የቀበሌ ማስረጃ አስቀርቦ መጠኑን ያስተካክል፤ ወይም በደመወዝተኛ ዋስ ይተካለት።

ከአክብሮት ጋር፤
በወሎ በወንጀል ጉዳዮች ላይ የምንሠራ የሕግ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደሴ
ለሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ወልዲያ