ሩጫን ቅጣት አታድርጊው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽንም ጉልበቷን ተሽሏታል።

እሁድ ዕለት ከባሕር ዳር የመጣችው ዘመዳችን ስላንቺ የስፖርት አስተማሪነት አወራችን። «ኮስታራ ሆናለች፤ ያረፈደውን ሕፃን ሁሉ ሜዳውን ታስዞረዋለች» አለች። ልታመሰግንሽ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የኔ እናት፣ ሩጫን ቅጣት አታድርጊው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ማንም ሳያዘው የሚሮጥ ፍጥረት ነው። ያንን ደስታ ከጥፋት ጋር ካያያዝሽበት ማን ይመልስለታል? ያረፈደ ልጅ ካለ ወላጁን ጥሪና ጠይቂ። የስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን አያረፍድም።

አጎትሽ ስለ ሩጫ ሲነሳ ለምን ተነሥቶ እንደሚወጣ ጠይቀሽኝ ነበር። እንግዲህ ስሚ። በልጅነቱ እዚህ ዘጌ ውስጥ የሚቀድመው አልነበረም። በቡናው መሐል ባለችው ጠባብ መንገድ ሲሮጥ ድንጋዩም ሥሩም አያደናቅፈውም። በኋላ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ተቀምጦ መማር ጀመረ። ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ ማለዳ በጀልባ ይመለሳል። ጣና ላይ ነፋስ ከተነሣ ጀልባው ይዘገያል፤ እሱም ያረፍዳል። አንድ መምህር ነበሩ፣ ሰልፉ ሁሉ እያየ ሜዳውን ያስዞሩታል። ልጆቹ ይስቃሉ። ዓመቱ ሳያልቅ ሩጫ የሚባል ነገር ጠላ። ለውድድር ሲመርጡትም እግሬን አመመኝ ብሎ ቀረ። አባታችን አንድም ቀን ሲወዳደር ሳያየው ሞተ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ብታዪው ኖሮ! መሬቱን የሚነካ አይመስልም ነበር።

ወደ ሥራሽ ልመለስ። ልጆቹን በረጅም ሰልፍ አታቁሚ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል። አባሮሽ አጫውቻቸው፣ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። የተያዘውንም «ውጣና ተቀመጥ» አትበዪው፤ ቶሎ የሚያዘው ቀርፋፋው ነው፣ ልምምድ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ፊት ለፊት እንዲያዩ፣ ክርናቸውን አጠፍ አድርገው እጃቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲወዘውዙ ንገሪያቸው። ግን አታጨናንቂያቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ ክንድ አያያዝ ሳይተው አይደል በአትላንታም በሲድኒም በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣው?

እየነጠሩ መሄዱ ይከብዳቸዋል፤ እሱ ላይ ታገሺ። እግራቸውን ዝቅ ብለሽ እዪ። ቀኙ አንድ እርምጃ ሄዶ እዚያው እንጣጥ ይላል፤ ግራው ግን ተራምዶ ዝም ይላል። ልጁ ሁለቱንም ያደረገ ይመስለዋል። ያኔ መጀመሪያ በአንድ እግር መዝለሉን አጠንክሪለት። ሰኞ ማክሰኞ ሣዪላቸው፤ አንድ ቀን በቀኝ፣ አንድ ቀን በግራ ይዝለሉ። ከዚያ እጁን ያዢና በዝግታ «እርምጃ፣ እንጣጥ፤ እርምጃ፣ እንጣጥ» እያልሽ አብረሽው ሂጂ። ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል። አብዛኛው ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ መሐል ይይዘዋል። ሴቶቹ ቀድመው ቢይዙት ወንዶቹን በዚያ እንዳታሳፍሪ።

የስፖርት ክፍለ ጊዜሽ ስድስት ሰዓት ላይ ነው አሉ። በመጋቢት ፀሐይ! ዳይሬክተሩን አነጋግሪና ወደ ጠዋት ይለወጥልሽ። ውኃ ሳይጠጡ አታስጀምሪ። የጫማ ማሰሪያቸውንም እዪ።

ቆጣ ያልኩ ከመሰለሽ አትቀየሚኝ። ጎበዝ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ልጆቹም እንደሚወዱሽ ሰምቻለሁ። ብቻ ሩጫን ቅጣት አታድርጊው፣ አደራ።

ከቡናው ጋር የመዝለያ ገመድ ልኬልሻለሁ። ለትንንሾቹ መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርጊውና በላዩ ይዝለሉ። ማሽከርከር ሲደርሱ በቁመታቸው ቁረጪላቸው፤ መሐሉን ረግጠው ጫፎቹ ብብታቸው ጋ ከደረሱ ልኩ ነው። እንዳይተረተር ጫፎቹን ቋጥሪ። ቡናውን ደግሞ ሳይቆይ ቁዪው፣ ጀልባ ላይ እርጥበት ነክቶት ይሆናል።

አባትሽ