ፖስታውን እንዳትከፍቺው

የኔ ልጅ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ የነርስነት ዶክመንቴን ውጭ አገር ለዕውቅና ልልክ ነው» ስትዪኝ ጎበዝ ብዬሽ ዘጋሁ። ማታ ጋደም ስል ነው «የትኛውን ዕውቅና?» ብዬ እንዳልጠየቅሁሽ ትዝ ያለኝ። ስልክ ላይ ደግሞ ታቻኩዪኛለሽ፤ ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ማስተርስ ልትማሪ ከሆነ ጉዳይሽ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው። በነርስነት ልትሠሪ ከሆነ ግን የሙያ ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ጋር ነው። ሁለቱ በር ለየብቻ ነው። ካናዳ ለኢሚግሬሽን የምትቀበለው የትምህርት ግምገማ ለምሳሌ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በሱ ብቻ ግን ነርስ ሆነሽ አትቀጠሪም። ይህን ሳያውቅ ሁለቴ የከፈለ ብዙ ሰው አለ። መጀመሪያ ፈቃድ ሰጪው የሚፈልገውን ዝርዝር አውጪ፣ ከዚያ ላኪ።

የኔን ጉድ ነግሬሽ አላውቅም። ያኔ የኤሌክትሪክ ዲፕሎማዬን ላስገመግም ስል፣ የተማርኩበት ቦታ ሬጅስትራር ትራንስክሪፕቴን፣ ማለትም የውጤት ዝርዝሬን፣ በፖስታ አሽጎ፣ መዝጊያው ላይ ማኅተም አሳርፎ ሰጠኝ። ቤት ስደርስ አላስቻለኝም። ውጤቴን የማላውቀው ይመስል ከፍቼ አየሁት! መልሼ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ማኅተሙ ግን መሐል ላይ ተሰንጥቋል፣ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች። ገምጋሚዎቹ አንድ አንቀጽ እንኳ ሳያነቡ መለሱት። እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ክፍያ፣ አምስት ወር በከንቱ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይላክልሽ። ስቱደንት ኮፒ ለራስሽ ያዢ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዬም ሌላ ጣጣ ነበር። «በኤሌክትሪሺያንነት አገልግለዋል» ይላል፣ አለቀ። ምን ገጠምኩ? ምን ጠገንኩ? ምንም። በእጅ ሙያ ደግሞ ልምድ ክብደት አለው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ባለው ሕግ የውጭ አገር የሙያ ትምህርት ከራሷ ሙያ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው በሥራ ልምድ ሊሟላ ይችላል። ወረቀት ማግኘት ላልቻለም ሠርቶ የሚያሳይበት መንገድ አለ። አንቺም ከሆስፒታሉ ስትጠይቂ በየትኛው ክፍል፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር ይዘርዝሩልሽ።

ገምጋሚው የሚያየው የዲግሪውን ስም ብቻ አይደለም። የኮርስ ይዘት ያያል፣ የተግባር ልምምድ ሰዓት ይቆጥራል። የየኮርሱን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ አሁኑኑ ለምኚ። ካሪኩለም ሲቀየር የድሮውን ፈልጎ የሚሰጥሽ አታገኚም።

ዲፕሎማሽ ላይ የሚያርፈውን የማረጋገጫ ማኅተም በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የሄግ ስምምነት በሁለቱ አገሮች መካከል የሚሠራ ከሆነ አፖስቲል የሚባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። ካልሆነ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ መዞር ነው። ዲፕሎማሽን እባክሽ ላሚኔት አታስደርጊው፣ ማኅተም አያርፍበትም። ትርጉሙን ሕጋዊ ተርጓሚ ይሥራው፤ ስምሽ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ግን ራስሽ እዪ።

«በከፊል ተቀብለናል» የሚል መልስ ቢመጣ እንዳታለቅሺ። አውቅሻለሁ። ለነርሶች ይህ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማሟያ ሥልጠና ወይም ፈተና ይሰጥሻል። ጨርሰው እምቢ ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፣ የይግባኙን ቀን እንዳያልፍሽ። ለከፍተኛ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው የሊዝበን ስምምነት ያጸደቁትን አገሮች ምክንያት እንዲሰጡ ያስገድዳል። መሠረታዊ ልዩነት እንዳለ ማሳየትም ያለበት ከልካዩ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ይህን በጊዜው ባውቅ ኖሮ መስኮቱ ላይ እንደዚያ አንገቴን ደፍቼ አልቆምም ነበር።

የልምምድ መዝገብሽ እኔ ጋ ነው፣ ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። ነገ ገጽ በገጽ ስካን አድርጌ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። እስኪደርስሽ ምንም እንዳትልኪ።

አባትሽ