ካሜራው ከረከቦቴ ላይ ይነሳልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጀሞ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ለ31 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከጥበቃው እስከ ሕፃናቱ ሁሉም የሚጠራኝ ሲስተር እያለ ነው።

ቤቴ ባለ አንድ መኝታ ነው። በሩ ሲከፈት ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል። ቡና ስቆላ ጭሱ መውጫ ስለሌለው በሩን ገርበብ አደርጋለሁ። ከበሬ ፊት ለፊት የመጨረሻው የደረጃ ማረፊያ አለ። ከማረፊያው በላይ ወደ ጣሪያ የሚያስወጣ ቀዳዳና የብረት መሰላል አለ። ሮቶውም የሁላችንም ዲሽም ያለው እዚያ ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይሄ ቀዳዳ ነው።

አምና ከግቢያችን በአንድ ሌሊት የሁለት መኪና ስፖኪዮ ተነቀለ። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ካሜራ ይገዛ ተባለ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ፤ ድርሻዬንም 1,800 ብር ከፈልኩ። መኪና የለኝም፤ ግን ጎረቤት ሲዘረፍ ዝም አይባልም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያሉት የዲሽ ኤልኤንቢዎች፣ ማለትም ዲሹ ፊት ላይ የሚታሰሩት ምልክት መቀበያዎች፣ ጠፉ። ኮሚቴው ማንንም ሳያማክር አንድ ካሜራ ጨመረ። ከገበያ ስመለስ አንድ ልጅ ድሪል ይዞ መሰላል ላይ ቆሟል፤ በሬ ትይዩ ግድግዳ እየበሳ ነው። “ለጣሪያው ነው ሲስተር” አለኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። ሞኝነቴ!

ነገሩ የገባኝ ልቅሶ ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አባት አርፈው፣ ከሕንፃው ሥር ድንኳን ተጥሎ ተቀምጠናል። የኮሚቴው ሊቀመንበር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ “ሲስተር፣ ሰሞኑን እንግዳ በዛብዎት እኮ። ቅዳሜ ማታ አምስት ሰዓት ላይ የመጣው ጎረምሳ ማነው?” አለኝ። እየሳቀ ነው፤ ጨዋታ መሆኑ ነው። የመጣው የወንድሜ ልጅ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴ አልቆብኝ፣ ሦስት ፋርማሲ ዞሮ ነው ያመጣልኝ። ይሄን ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ማስረዳት ነበረብኝ? አስረዳሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ ማስረዳቴ።

ከልቅሶው በኋላ ጠየቅኩ። ምስሉ በቀጥታ የሚገባው ሊቀመንበሩ ስልክ ውስጥ ነው። ገንዘብ ያዡም ስልክ ላይ አለ። እስቲ አሳየኝ አልኩት። ሳያንገራግር ከፍቶ ሰጠኝ። ስልኩ ላይ የራሴን ሳሎን አየሁት። ረከቦቱ፣ ጆሮው የተሰበረው ጀበናዬ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ያጠፍኩት ነጠላ፣ ግድግዳው ላይ የእናቴ ፎቶ። የጣሪያው መውጫስ? ግማሹ ብቻ፣ ከላይ ጥግ ላይ ተቆርጦ ይታያል።

ሆስፒታል እያለሁ የበሽተኛ ካርድ ኮሪደር ላይ ተዘርግቶ ካየሁ እጮህ ነበር። የታማሚው ወንድም እንኳ መጥቶ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ፣ “እሱን ራሱን ጠይቀው” ነበር መልሴ። እንዲህ ኖሬ በስተርጅና የኔ መግባትና መውጣት የሰው ስልክ ላይ ሲታይ ያመኛል።

ሊቀመንበሩን ለማማት አይደለም የምጽፈው። በዕድሜ ልጄ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ፓምፕ የሚያስነሳው እሱ ነው። የጥበቃ ደመወዝ ቤት ለቤት እየዞረ የሚለምነውም እሱ ነው። አምስት ሳንቲም አይከፈለውም። ስድብ ግን ይከፈለዋል።

ቢሆንም ሌላ አሠራርም አይቻለሁ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሊቀመንበር ጊዜ ነው፤ ውሃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧውን ክፍት ትቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ውሃው መጣ። ከታች ያለው ቤት ጣሪያው መንጠባጠብ ጀመረ። ሰውየው የሕንፃውን ዋና ቫልቭ ዘግተው ደወሉልኝ። እየሮጥኩ ስደርስ ቁልፍ ሠሪ አስከትለው በሬ ላይ ቆመዋል። “ልናስከፍተው እንችል ነበር፤ ግን ቤትዎ ነው ብዬ ጠበቅኩ” አሉኝ። የታችኛውን ቤት ቀለም እኔ አስቀባሁ፤ ነገሩ አለቀ።

ዘንድሮ ደግሞ ሁሉም ነዋሪ ትርፍ ቁልፉን ለጥበቃ ቤት ያስረክብ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ምክንያቱ ያው ውሃ ነው። የኔ ትርፍ ቁልፍ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ጋ ነው። እሷን ለማመን ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጥበቃው ግን በየሦስት ወሩ ይቀያየራል። አልሰጥም።

ስለ ካሜራው በጽሑፍ አመለከትኩ። “ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው ነው” ተባልኩ። ቃለ ጉባኤው ይውጣልኝ ብዬ አነበብኩት። “በመኪና ማቆሚያና በዋናው መግቢያ” ይላል። ስለ አራተኛ ፎቅ አንድም ቃል የለበትም። ይሄን ሳሳያቸው መልሱ ተቀየረ፤ “ደረጃው የጋራ ነው” ሆነ። እሱስ ልክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከየቤታችን ውጪ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራችን ነው። ካሜራው የተሰቀለውም የጋራ ግድግዳ ላይ ነው። የሚያየው ግን ሳሎኔን ነው፤ ሳሎኔ ደግሞ የጋራ አይደለም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰው ቤት መግባትን ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት ይከበር ይላል። ፍትሐ ብሔሩ ሲጻፍ በር ሳይነኩ በስልክ ቤት መግባት አልነበረም። አሁን ግን በ2016 የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ አለን። ማንነቴን የሚለይ ምስል ዳታዬ ነው። ይሄን ስላቸው ገንዘብ ያዡ “ሲስተር ደግሞ ጠበቃ ሆኑ” አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። በርጩማ ላይ ወጥቼ በራሴ ስልክ ሞክሬዋለሁ። ካሜራው ከበሬ ጉበን በላይ ቢሰቀልና ፊቱን ወደ ደረጃው ቢያዞር፣ መሰላሉንም የጣሪያውን መውጫም ሙሉውን ያሳያል። ጀርባው ለኔ ይሆናል። ሌባውንም አሁን ካለበት ይልቅ በደንብ ያየዋል። የሚያስፈልገው ሦስት ሜትር ገመድና ሁለት ብሎን ነው። ገመዱን እኔ እገዛለሁ ብያለሁ። ምስሉም ከግለሰብ ስልክ ይውጣ፤ መቅጃ ገዝተን ይቆለፍበት። ስርቆት ሲኖር ሁለት የኮሚቴ አባላትና የተሰረቀበት ሰው ባሉበት ይከፈት።

“በሚቀጥለው ጉባኤ እናየዋለን” አሉኝ። ጉባኤው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ብዙው ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ለስብሰባ ጀሞ ድረስ አይመጣም። ተከራይ ደግሞ ድምፅ የለውም። ካሜራው ሥር በየቀኑ የሚመላለሱት ግን ተከራዮቹ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ መውጣት ትታለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ዝም አለችኝ፤ ገባኝ።

በሌላ ሳይት የምትኖሩ አንባቢዎች፣ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ስለ ካሜራ የጻፋችሁት ካለ በዚሁ አምድ አካፍሉን። ቃል በቃል ብትጽፉልኝ ለኮሚቴው ይዤ እሄዳለሁ።

ለጊዜው በሩ ላይ አንድ አሮጌ አልጋ ልብስ ሰቅያለሁ። ካሜራው አሁን የሚያየው አበባ ያለበት ጨርቅ ነው። ጭሱ ግን አልወጣ አለ። ባለፈው እሁድ ቡናውን ስቆላ ጎረቤቴ ዓይኗን እያሸች፣ “ኧረ ሲስተር፣ ይሄ መጋረጃ ይነሳ” አለችኝ። ለሊቀመንበሩ ንገሪው አልኳት።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ