ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚበተነው የቃላት ዝርዝር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በቴሌግራሙም በፎቶ ኮፒ ቤቱም የ"ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት" ዝርዝር ይበዛል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ተማሪው ሲሸመድድ ያድርና ፈተናው ላይ ቃሉን እያወቀው ዓረፍተ ነገሩ አይገባውም። ሰንፎ አይደለም፤ ጥፋቱ የዝርዝሩ ነው።

"አሱም"ን እንይ። ዝርዝሩ "ገመተ" ይላል። ታሪክ መጽሐፍ ላይ "አሱምድ ፓወር" ሲያጋጥመው ተማሪው "ሥልጣን ገመተ" ብሎ ግራ ይጋባል፤ ሥልጣን ያዘ ማለት ነበር። "አሱም ሪስፖንሲቢሊቲ" ደግሞ ኃላፊነት መረከብ ነው። "ሜይንቴይን"ም ከማሽን ጋር ሲሆን በየጊዜው እያዩ መጠገን፣ ከሙቀት መጠን ጋር ሲሆን ባለበት ማቆየት፣ "ዛት" ሲከተለው ደግሞ "እንዲህ ነው" ብሎ መከራከር ይሆናል። ቃል ከአጃቢው ተነጥሎ ከተጠና ገና አልተጠናም።

ተመሳሳይ ቃላትን ባንድ ቀን መደርደርም ይጎዳል። "አበንዳንት"፣ "አምፕል"፣ "ኮፒየስ" በአንድነት "ብዙ" ተብለው ከተያዙ ሳምንት ሳይሞላ ይደባለቃሉ። አንዱ ሲጸና ነው ሌላው መምጣት ያለበት።

ምርጫውም ያሳስበኛል። ብርቅ ቃል ማወቅ ያኮራ ይሆናል፤ የሚጠቅመው ግን ተደጋግሞ የሚመጣው ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነዘመዶቹ) አሉት፤ በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ከ100 ቃል 10 ያህሉን ይሸፍናሉ፣ በልቦለድ ግን 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ትርፉ ለሁሉም ትምህርት ነው። የመጀመሪያዎቹን 2,000 የዘወትር ቃላት ያልጨረሰ ግን ከእነሱ ይጀምር።

አጠናኑ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ኤ4 ወረቀት ለ8 ይቆረጣል፤ ለአንድ ቀን ይበቃል። በፊት ገጹ ከመማሪያ መጽሐፉ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፣ የሚጠናው ቃል ቦታ ላይ የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይቀመጣል። በጀርባው ቃሉ፣ ዘመዶቹ (ለ"አናላይዝ" "አናሊሲስ" እና "አናሊቲካል")፣ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ፍቺም ይሰፍራል። ክለሳው በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በ2 ሳምንቱ፣ ከዚያም በወሩ ነው። የተሳተው ካርድ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል። ወረቀቱ ሳይገለበጥ መልሱ ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ገልብጦ አይቶ "አዎ፣ አውቀዋለሁ" ማለት ያታልላል። ያዩትን መለየትና ከራስ ማውጣት ለየቅል ናቸውና፤ ድርሰት ሲጻፍ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

የትምህርት ገጻችሁ ቃላት ሲያወጣ 10 ቃል ከነጠላ ፍቺ ጋር ከመደርደር 3 ቃል መርጦ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሰጥ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር