ቮልሷን ቅዳሜ እንዳታስነሳት

ፍራንክፈርት

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ወር ድምፄን በማጥፋቴ እማዬ አዝናለች ብለኸኛል። ይቅርታ ጠይቅልኝ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ የቸኮልኩበትን ልጻፍ።

የአባባን ቮልስ በተውሶ ባትሪ ቅዳሜ ልታስነሳት፣ እምቢ ካለችም ለቆራሌው ልትሰጧት ነው አልክ። በናትህ ተው! ስምንት ዓመት የቆመ ሞተር ደረቁን በድንገት ከተሽከረከረ ሲሊንደሩ ይፋቃል። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምርና አሳድራት። ከዚያ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ዲናሞውንና ሞተሩን የሚያያይዘው ቺንጋ ከተንሸራተተ ሞተሩ ይዟል ማለት ነው። አታስገድደው፤ ዘይት ጨምረህ ሌላ ሁለት ቀን ጠብቅ። ሲለቅ እጅህ ላይ ይታወቅሃል።

አሮጌውን ቤንዚን አውጣ። የቤንዚኑን ጎማ ቱቦ ሳትቀይር አዲስ እንዳትጨምር። ጎማው ደርቆ ይሰነጠቅና ሞተሩ ላይ ያንጠባጥባል፤ ስንት ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል። ዘይቱንም ቀይር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ውሃ የላትም፤ የሚያበርዳት ነፋስና ይሄው ዘይት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከአባባ ነው። ቫልቭ የሚያስተካክሉት ማለዳ ነበር፣ ሞተሩ በርዶ ስለሚያድር። ባትሪ መብራት የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ሲያስነሷት የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ለእኔ ይሰጡኛል። "የቱ ነው የሚጮኸው?" ይሉኛል። ሳውቀው ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም ነበር።

አሁን የዝምታዬን ምክንያት ስማ። የቢሮ ሥራ አገኘሁ ያልኳችሁ ጽዳት ነው። ለእማዬ አትንገራት። ከባድ አይደለም፣ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳቱንም ለምጄዋለሁ። ከማጸዳቸው ቦታዎች አንዱ ጋራዥ ነው። ጥግ ላይ አንድ አቧራ የጠጣ ቮልስ ቆሞ ነበር። እዚህ "ኬፈር" ይሏታል፣ ጢንዚዛ ማለት ነው። አንድ ቀን ልጆቹ ባትሪ አስረው ሊያስነሱት ሲሉ አላስቻለኝም። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ "ቁሙ!" አልኩ። ባለቤቱ ቁልፉን ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ተነሳ። ያ ጭስ ሲሸተኝ ግቢያችን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። መወልወያዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ከመስከረም ጀምሮ እዚያው የመካኒክነት ሙያ እማራለሁ። ሦስት ዓመት ተኩል ነው፤ እየሠራሁ ደመወዝ ይከፍሉኛል። "በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ጥላሸት?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ግን እዚህ የዋናው መካኒክ የሙያ ማረጋገጫ በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር አባባ ትዝ ይሉኛል። ትምህርት ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡ ጥፍራቸው ሥር ባለው ጥቁር አፍሬ ከጓደኞቼ ተነጥዬ እሄድ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል ስላልከኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሐኪሙ ምን አለ? ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ቮልሷን ስትፈታ ዱካ ላይ አጠገብህ አስቀምጣቸው። እሳቸው ይዘዙ፣ አንተ ፍታ። ካቻቢቴው ከእጃቸው ቢወድቅ ያላየህ ምሰል።

የእህታችን ሰርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ አይደል? ጠልቼ የቀረሁ እንዳይመስላት። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ አሁን ብወጣ መመለሻ የለኝም። የላክህልኝን ፎቶ አሳድጌ አየሁት፣ የቀሚሷ ጥልፍ ግን አይታይም። ምን ዓይነት ነው? ሚዜዎቿስ እነማን ናቸው? እማዬ በዚያ ወገቧ ጠላውን ራሷ ልትጠምቅ ነው? እባካችሁ ሰው ያግዛት።

300 ዩሮ ልኬያለሁ። የአባባ መድኃኒትና የሰርጉ ድርሻዬ ይቅደም። የተረፈው ለባትሪና ለቱቦ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ክዳኑን እንዳትረሳ። የወንበሩ ሽቦ ከነካው እሳት ያስነሳል።

ሞተሩ በእጅህ የዞረ ዕለት ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

እህትህ