ሻንጣው ይቅር

ለአዘጋጁ፦

የቶኪዮውን የሃኔዳ ኤርፖርት አደጋ ተአምር ብቻ ብለን አንለፈው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. የጃፓን አየር መንገድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በጠረፍ ጥበቃው አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ ነፍስ ይማር። በትልቁ አውሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ግን በሙሉ ተረፉ። ከ8ቱ በሮች ያገለገሉት 3 ብቻ ናቸው። የድምፅ ማስተላለፊያው ቢበላሽም አስተናጋጆቹ በሜጋፎንና በጩኸት መሩ። ተሳፋሪውም ሻንጣውን ትቶ ወጣ። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ አንድ ሰው ዕቃ ለማውረድ ከቆመ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይታገዳል።

ከኮምቦልቻ ስንነሳ እናቶቻችን ለልጅ የቋጠሩትን በርበሬ እግራቸው ሥር ሸጉጠው ነው የሚቀመጡት። ያንን ጥለሽ ውጪ ማለት ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ መነገር አለበት። ስለዚህ በኮምቦልቻና በላሊበላ ኤርፖርቶች መጠበቂያ አዳራሽ፣ ከመሳፈር በፊት፣ አጭር ቪዲዮ በአማርኛና በኦሮምኛ ይታይ። መጀመሪያም «ዕቃ አይያዝም» ይበል።

አንባቢ፣ ከደሴ