ልጆቻችሁ ጫካ ውስጥ ስለሚያድሩባቸው ሁለት ሌሊቶች

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የሰባተኛ ክፍል ልጆቻችን በሚቀጥለው ወር ሁለት ሌሊት ጫካ ውስጥ ያድራሉ። ቦታው ከጠፋ እሳተ ገሞራ ግርጌ ነው። ዛፎቹ ሲያልቁ ጥቁሩ የላቫ ድንጋይ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራው ቀልጦ ፈስሶ የቀዘቀዘው አለት፣ ይጀምራል። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

ቁርጡን ልንገራችሁ፤ የምናድርበት ቦታ ምንም የለውም ማለት ይቻላል። ለድንኳን የተደለደለ መሬት፣ የጉድጓድ ሽንት ቤት፣ በድንጋይ የተከበበ የእሳት ቦታ፣ በቃ። መብራትም ኔትወርክም የለም።

ውኃም የለም። ጫካ ሆኖ እንዴት ውኃ ይጠፋል ትሉ ይሆናል። የላቫ ድንጋይ ስንጥቁና ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ሳይቆይ ወደ ታች ይሰርጋል። ባለፈው ጉዞ ይህን አቅልዬ ውኃ አሳንሼ ጫንኩ። በሁለተኛው ቀን የእግር ጉዞውን አቋርጠን ተመለስን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ዘንድሮ ለአንድ ልጅ በቀን 4 ሊትር ለመጠጥ ብቻ እንይዛለን።

አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ ብርድ ነው። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ልጆች ግን የቀኑን ፀሐይ እያዩ ሹራባቸውን ጥለው ይመጣሉ። ሌሊት ደግሞ ብርዱ የሚገባው ከሥር፣ ከመሬቱ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከማሰባችሁ በፊት ወፍራም ምንጣፍ አስቡ። ኮፍያና ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲም ይያዙ።

ነጠላ ጫማ አይሆንም። የላቫ ድንጋይ እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ ባልጩት ደግሞ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል። አዲስ ጫማ ግን አትግዙ፤ እግራቸው የለመደው ይሻላል።

ስልክ እቤት ይቅር። በየምሽቱ አንድ መምህር ኔትወርክ እስኪያገኝ በመኪና ወጥቶ ለሁላችሁም መልእክት ይልካል። መኪናው ሌሊቱን ከእኛ ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ባለፈው አንዲት ተማሪ ሳህን ውስጥ ውኃ ሞልታ፣ ያነሳችውን ግራጫ ድንጋይ ጣለችበት። ተንሳፈፈ። በጣቷ ደፈቀችው፤ ብቅ አለ። እንደገና ደፈቀችው። ፑሚስ ነበር፤ ቅልጡ አለት በቶሎ ሲቀዘቅዝ የጋዝ አረፋው ውስጡ ቀርቶ ነው። ይህን ድንጋይ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ አስተምሬአለሁ፤ የዚያን ምሽት ያህል ግን ልጆች በጥያቄ አጣድፈውኝ አያውቁም። ዘንድሮ እሳት ዳር ስለ ፓሪኩቲን እሳተ ገሞራ አወራላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሜክሲኮ ውስጥ የአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ተሰንጥቆ ጭስ ወጣ፤ በዓመቱ እዚያው ከ300 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ቆመ።

ድንጋይ ይዞ መመለስ ግን አይፈቀድም። አደራ፣ ከመነሳታቸው በፊት እናንተም ንገሯቸው።

የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ አርብ ላኩልን። አስም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ እዚያው ላይ ጻፉ። ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው ወይም ጨለማ የሚፈራ ካለ ደግሞ ወረቀቱ ላይ አትጻፉት፤ ቢሮዬ መጥታችሁ ለእኔ ብቻ ንገሩኝ። ድንኳኑን ከእኔ ድንኳን አጠገብ አደርገዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር